ሞዴል ውሃ

አብዬ ታሂርን ሳስባቸው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፊታቸው ሳይሆን ጀርባቸው ነው። ክረምት በገባ ቁጥር፣ በስተምዕራብ ያለው ተራራ ጠቁሮ እኛ ዘንድ ግን ፀሐይዋ ስታቃጥል፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ቆመው ሽቅብ ያያሉ። ከኋላቸው ሠላሳ አርባ ሰው አካፋና ዶማውን ይዞ ይጠብቃል። ማንም አያወራም፤ ሳል የመጣበት እንኳ አፉን በፎጣው ይይዛል። እሳቸው "ያዝ!" ካሉ ሁሉም ተረባርቦ የቦዩን አፍ ይከፍታል። "ልቀቅ!" ካሉ ደግሞ መጥለፊያውን ቆርጦ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል። ሥራቸው ሁለት ቃል ነበረች። በዚያች በሁለት ቃል ሁለት መቶ አባወራ ይበላል ወይም ይራባል።

ቆላውን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻውን ማሽላ አያደርስም። የእኛ ዝናብ የሚዘንበው በሰው አገር፣ በደጋው ላይ ነው፤ ወደ እኛ የሚደርሰው ጎርፍ ሆኖ ነው። ወንዛችን አብዛኛውን ዓመት አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው፤ ግመል ይተኛበታል። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ ይመጣል፣ ለሁለት ሰዓት ያህል አገር ያናውጣል፣ ይሄዳል። አባቶቻችን በአፈርና በቁጥቋጦ ወንዙን እስከ ወገቡ የሚያቋርጥ መጥለፊያ ሠርተው ውሃውን በቦይ ወደ እርሻ ያስገቡ ነበር፤ እኛም እንደዚያው። ማሽላ ሁለት ጊዜ ጠግቦ ከጠጣ ይበቃዋል። ችግሩ፣ ጎርፍ ሁሉ አይጠለፍም። ደለልና ፍግ ተሸክሞ የሚመጣ ደግ ጎርፍ አለ። ድንጋይ እያንከባለለ የሚመጣ ክፉም አለ፤ እሱን ቦይ ውስጥ ካስገባችሁት እርሻውን ይዞት ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ገና ከሩቅ ሲመጣ የትኛው እንደሆነ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው የውሃ አባት ይባላል። የኛ የውሃ አባት ታሂር ነበሩ፣ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ለሃያ ስድስት ክረምት።

በተረፈ ከማንኛችንም የሚለዩ ሰው አልነበሩም። አጭር፣ ቀጭን፣ አንድ በሬና ጥቂት ፍየሎች ያሏቸው፣ ነጭናጫ ሰው። የማኅበር ስብሰባ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ያንቀላፋሉ፤ ባለቤታቸው ሀጀራ በክርኗ ትጎሽማቸዋለች። በጎርፍ ጊዜ አጠገባቸው ያወራ ሰው ግን ወዮለት። አንዴ እኔ ራሴ "ስንት ሰዓት ይደርሳል?" ብዬ ጠይቄ በድንጋይ ወርውረው ለጥቂት ስተውኛል።

እኔ አለሙ እባላለሁ። ስምንተኛ ክፍል ወድቄ ወደ ቀዬዬ ስመለስ፣ ከሌላው የተሻለ ይጽፋል ተብዬ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆንኩ። በደርግ ጊዜ ብዕር የያዘ ሰው ሳይፈልግ ብዙ ነገር ውስጥ ይገባል። ይህን የምነግራችሁም አብዬ ታሂርን ላመሰግን ብቻ አይደለም፤ እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ነገር ስላለ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ረሃቡ ካለፈ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ከየገበሬ ማኅበሩ አሥር አሥር ሰው ተመርጦ ቆቦ ከተማ ተጠራን። በወንዛችን ላይ የሲሚንቶ ግድብ ሊሠራ ስለሆነ ፊልም ይታያል ተባለ። ፊልም አይተን የማናውቅ ብዙ ነበርን። አዳራሹ በጠራራ ቀን እንዲጨልም መስኮቶቹ በግራጫ ብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ የእርዳታ ብርድ ልብስ መሆኑን ሁላችንም አወቅነው። ውጭ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። አንድ ካድሬ ተነስቶ ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን ብሎ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። አብዬ ታሂር አጠገቤ እንቅልፋቸውን ጀመሩ።

ከዚያ መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ተጀመረ። ትራክተር መጣ፣ ሰንደቅ ዓላማ መጣ፣ ከዚያ የኛው የራሳችን ተራራ መጣ። ሰዉ ተራራውን ሲያውቀው ጮኸ። አብዬ ታሂርም ነቁ። ቀጥሎ በተራራው ሥር አንድ ነጭ ግድብ ወንዙን አቋርጦ ታየ። ከፊልሙ ውስጥ የሚናገረው ሰው ግድቡ የሁለት ሰው ቁመት ይሆናል አለ። ወዲያው ከላይ ቡናማ ጎርፍ ወረደ፣ ግድቡን መታ፣ አረፋውን ወደ ላይ ረጨ፣ ከዚያም እንደ ጨዋ ልጅ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ቦይ ገባ። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ይደበቃል፣ እንባዬም መጥቶ ነበር። ሰባ ሰባትን ያየ ሰው ጎርፍ እንዲህ ሲታዘዝ ሲያይ ምን ሊሆን ይችላል?

አብዬ ታሂር ግን ተነስተው ቆሙ። "ይኸ ጎርፍ አይደለም" አሉ።

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ካድሬው "ማነው እሱ?" አለ። የማኅበራችን ሊቀመንበር አባይ ከፊት ወንበር ላይ ዘወር ብሎ "ጓድ ታሂር፣ ተቀመጥ" አላቸው። አባይ በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፤ ከአብዮቱ ወዲህ ግን ሁሉንም ሰው ጓድና አንተ ይል ነበር።

"አልቀመጥም። ይኸ ጎርፍ አይደለም እያልኩህ ነው። ትንሽ ውሃ ነው። ትንሽ ውሃ ትልቅ አስመስለው አምጥተውብን ነው።"

ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ጠጉሩን ያጎፈረ፣ ትሁት ወጣት ነበር። አልተቆጣም። ፊልሙን የሚያሳየውን ሰው መልሶ እንዲያሳይ አዘዘው። ጎርፉ እንደገና ወረደ። አብዬ ታሂር ሰው እየረገጡ ወደ ፊት ሄደው ከመጋረጃው ሥር ቆሙ፤ ጥላቸው ግድቡን ሸፈነው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ጣታቸውን በአረፋው ላይ አድርገው፣ "ይቺን ጠብታ ተመልከቱ። ግድቡ የሁለት ሰው ቁመት ከሆነ ጠብታዋ የድስት ክዳን ታህላለች። የድስት ክዳን የሚያህል ጠብታ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደሞ አወዳደቁን እዩት። እንደ ዘለለ ወዲያው ወደቀ። ጎርፍ እንዲህ አይወድቅም። ጎርፍ አይቸኩልም!" አሉ።

መሐንዲሱ አያቸው። ዓይኖቹን አልረሳቸውም፤ የተያዘ ሰው ዓይን ነበር። ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ፣ "አባቴ ልክ ነዎት" አለ። "ይህ ሞዴል ነው።"

የሆነው ሁሉ የሆነው በዚያች ቃል ነው።

አባይ ተስፈንጥሮ ተነሳና በሙሉ ኃይሉ አጨበጨበ። ያለፈው ዓመት ሞዴል ገበሬ ተብሎ ሬዲዮና የምስክር ወረቀት ተሸልሞ ነበር፤ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ቤቱ ሰቅሎታል፤ ሬዲዮውን ገበያ ሲሄድ እንኳ በትከሻው ያነግታል። በኛ አገር ያን ጊዜ ሞዴል ማለት አባይ ማለት ነው፤ የተመሰገነ፣ የተመረጠ፣ ሌላው ሊከተለው የሚገባ። እናም መሐንዲሱ ሞዴል ነው ሲል አዳራሹ በሙሉ የሰማው፣ ይህ ውሃ ምርጥ ውሃ ነው፣ የተማረ ውሃ ነው፣ ሌላው ጎርፍ አርአያውን ይከተላል የሚል ነበር። "ሞዴል! ሞዴል!" እያለ ሰዉ ጮኸ። መሐንዲሱ እጁን አንስቶ "ማለቴ…" ሲል ካድሬው መፈክር ጀመረ። መፈክር ከተጀመረ ማንም ማለቴ አይልም። ልጁ ካድሬውን አየ፣ እኛን አየ፣ ተቀመጠ።

እኔ ደግሞ፣ እጄ ይቆረጥና፣ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "በፊልሙ የታየው ውሃ ሞዴል መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል። ጉባኤተኛው ግድቡን በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል።" አባይ ማህተሙን አሳረፈበት።

ወደ ቀዬአችን ስንመለስ አብዬ ታሂር አብረውኝ ሄዱ። ከዚያ፣ "አለሙ፣ አንተ ተምረሃል። ሞዴል ማለት ምን ማለት ነው?" አሉኝ።

"ምርጥ ማለት ነው፣ አብዬ። ሌላው የሚከተለው።"

"እህ። ታዲያ ጎርፉን እሱን ተከተል ብሎ ማን ይነግረዋል?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ቤታቸው ስንደርስ በጣሳ ውሃ አምጥተው ግቢው መሐል አቆሙኝና ከትከሻቸው ከፍታ አፈሰሱት። "ቢስ—" አሉ፤ ውሃው መሬት ነካ። "አየህ? ቢስሚላህን ሳልጨርስ ወደቀ። ወንዙ ዳር ጎርፍ ገደሉን ሲመታ የሚረጨው ግን፣ ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም ብዬ እስክጨርስ ከላይ ቆይቶ ነው የሚወርደው። ሃያ ስድስት ክረምት እንዲህ ነው የምለካው። ትልቅ ውሃ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ለመውረድ ጊዜ ይፈጅበታል። ያ የፊልሙ ውሃ ከቢስ አላለፈም። በጣሳ ነው ያፈሰሱት፣ ወላሂ በጣሳ ነው!"

"የጎርፉ ድንጋይስ?" አልኳቸው፤ ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ድንጋይማ የታለና! ጎርፍ ከሥሩ ድንጋይ ሲያንከባልል ጀርባው ይጎብጣል፤ ሸክም እንደያዘ ሰው። የነሱ ውሃ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ነው።"

ሀጀራ ከደጃፉ ሆና "ያፈሰሳችሁትን ውሃ ማን ቀድቶ ሊተካው ነው?" ብላ ጮኸችብን። ልክ ነበረች፤ ጉድጓዱ ሩቅ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሥራው ሲጀመር መሐንዲሱን ከግድቡ መሠረት አጠገብ ብቻውን አገኘሁትና ሞዴል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። እጆቹን እንደ ሣጥን አድርጎ አሳየኝ። ግድቡን ሃምሳ ጊዜ አሳንሰው በአንድ ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ ሠርተውታል፤ ተራራውን ሌላ ቀን ቀርጸውታል፤ ውሃውን ከበርሜል በቱቦ ለቀውታል። ትልቅ እንዲመስል ፊልሙን ቀስ አድርገው አጫውተውታል፤ አልበቃም እንጂ። "ሽማግሌው ግን ገባቸው" አለኝ። "እኔ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እንደሳቸው ማየት አልችልም።"

"ድንጋይ አስገብታችኋል?"

"አላስገባንም" አለና አንገቱን ደፋ። "ጊዜ አልነበረም። ለመስከረም በዓል እንዲደርስ ተባልን።"

ደሜ ፈላ። ሮጬ አባይ ዘንድ ሄድኩ። ሞዴል ማለት ምርጥ ማለት አይደለም፣ ሞዴል ማለት የእውነተኛው ትንሽ ማስመሰያ ነው፣ ቃለ ጉባኤው ይታረም አልኩት። አባይ ሬዲዮውን ዝም አሰኘ።

"ማስመሰያ?" አለ።

"አዎ።"

"እኔ ማስመሰያ ነኝ?"

"አንተን አላልኩም፣ ውሃውን ነው እንጂ—"

"የመንግሥት ወረቀት ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ። ሞዴል ይላል። አንተ ልጅ ማንን እያዋረድክ እንደሆነ ታውቃለህ?"

ከዚህ ሰው ጋር ምን ይባላል? ለአውራጃው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ሁለተኛ ስጽፍ በሊቀመንበሩ በኩል ይቅረብ ብለው መለሱት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። መሐንዲሱም በጥር ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሄደ፤ ተሰናብቶኝም አልሄደም።

አብዬ ታሂር አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። ግድቡን ሥሩ፣ አሮጌውን መጥለፊያ ግን ለአንድ ክረምት ተዉልን፤ ግድቡ ከያዘ በሚቀጥለው ዓመት እኔ በእጄ አፈርሰዋለሁ አሉ። ሦስት ስብሰባ ላይ ቆመው ይህንኑ ደገሙ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ያዳምጣቸው ነበር። ሦስተኛው ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት "ልቀቅ" ሲሏቸው ሲሮጡ የኖሩ ሰዎች እርስ በርስ ይጠቃቀሱ ጀመር። "ፊልሙን በጥላቸው ሊሸፍኑት ነው" የሚል ቀልድ ወጣ። አባይ ሁለት ውሃ አንድ ወንዝ ላይ አይታዘዝም ብሎ ወሰነ፤ ጎርፉ በሙሉ ወደ ግድቡ እንዲሄድ መጥለፊያው ይፍረስ ተባለ። ግንቦት ላይ ሁላችንም በዘመቻ ወጥተን አፈረስነው። አብዬ ታሂርም አካፋ ተሰጥቷቸው አብረው አፈረሱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ተራራው ጠቆረ። ግድቡ ዳር ሰው እንደ ሠርግ ተሰብስቧል፤ ከአውራጃው የመጡም አሉ። አብዬ ታሂር ከሁሉም ራቅ ብለው እንደ ልማዳቸው ሽቅብ ያያሉ። አጠገባቸው ቆምኩ። ጎርፉ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ግንባሩ ላይ ጉቶና ሥር ተሸክሟል፤ የሚራመድ እንጂ የሚሮጥ አይመስልም። ከእግራችን ሥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል።

"ጎበጠ" አሉ አብዬ ታሂር ቀስ ብለው። ከዚያ ዞረው ጮኹ፦ "ልቀቅ! ከዚያ ውጡ!"

ማንም አልሮጠም። የሚለቀቅ ነገር የለማ! የሲሚንቶ ግድብ በአካፋ አይቆረጥም። ሰዉ ወደ ኋላ ያፈገፈገው የመጀመሪያው ድንጋይ ግድቡን ሲመታ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተከመረ፤ ግድቡ በሩብ ሰዓት ውስጥ እስከ አፉ ሞላ። ግድቡ አልፈረሰም፤ እስከ ዛሬ አለ፤ ፍየል ይወጣበታል። ጎርፉ ነው መንገድ ያጣው። መንገድ ሲያጣ በስተግራ ዳሩን በልቶ አዲስ ወንዝ አወጣና የአርባ ሰው ማሽላ ይዞ ወረደ። የቀረነውም ከጉድ አልተረፍንም፤ ቦዮቹ ደረቅ፣ መጥለፊያው በገዛ እጃችን የፈረሰ፣ ወንዙም ከኛ የሸሸ ሆነ። ሰው አልሞተም፣ ምስጋና ለአምላክ። ማሽላው ግን በነሐሴ ቆሞ ደረቀ።

አጣሪ መጣ። ፊልሙን ማን ቀረጸ፣ ድንጋዩን ማን ረሳ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ እንደሚሆን ቀድሞ የተናገረ ሰው አለ ወይ? አለ። በቃለ ጉባኤም ባይሆን ሦስት መቶ ሰው ሰምቷል። ያን ጊዜ ተራራው ላይ ሽምቅ ተዋጊዎች አሉ እየተባለ ሰው ጥላውን የሚጠራጠርበት ወቅት ነበር። ቀድሞ ያወቀ፣ አሻጥሩን የሠራው እሱ ነው ተባለ። ሁለት ታጣቂዎች መጥተው አብዬ ታሂርን ከፍየሎቻቸው መሐል ወሰዷቸው።

ምርመራው ላይ ጸሐፊ ስለጎደላቸው ጠሩኝ። አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ።

"እንደማይሠራ በምን አወቅህ?"

"ካካሄዱ።"

"ከማን አካሄድ?"

"ከውሃው።"

"ማን ነገረህ?"

"ውሃው ነዋ።"

መርማሪው ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። "ውሃ አፍ አለው?"

"አፍ የለውም። እግር ግን አለው" አሉ አብዬ ታሂር። ይህ ሁሉ ሰው ለምን ይህን ቀላል ነገር እንደማይረዳ በእውነት ግራ ገብቷቸው ነበር።

አርባ ሦስት ቀን ታሰሩ። ሀጀራ በየቀኑ በጠዋት ተነስታ ስንቅ ይዛ ቆቦ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች፤ እግሯ አብጦ በላስቲክ ጫማ መሄድ አቅቷት ጨርቅ ጠቅልላበት ትሄድ ነበር። ቤታቸው የሚበላ እንደሌለ አውቃለሁ። ስንቁን ከየት እንደምታመጣው አልጠየቅኳትም።

በመጨረሻ መርማሪው ራሱ ሰለቸው። ቀድሞ ማወቁ ነው ወንጀሉ፤ አለማወቁን ካመነ ይውጣ አለኝ። ወረቀቱን ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። "እኔ ታሂር፣ በፊልሙ የታየኝን ውሃ ከእውነተኛ ጎርፍ ለመለየት የሚያስችል ምንም እውቀት የለኝም። ስለ ግድቡ የተናገርኩት በግምትና በኋላቀር አስተሳሰብ ነው።" በብዕሬ ጻፍኩት። ከዚያ አነበብኩላቸው።

"ድገመው" አሉ።

ደገምኩት።

"ምንም እውቀት የለኝም ነው የሚለው?"

"አብዬ፣ ወረቀት ነው። ይፈርሙና ይውጡ። የሀጀራ እግር…" አልኩና ቀለሙን አቀረብኩላቸው።

ጣታቸውን አዩ። ከዚያ ቀለሙ ውስጥ ነክረው አሳረፉ። በቀለም የተበከለውን ጣት በሽርጣቸው ጠረጉት፤ አልለቀቀም።

በሚቀጥለው ክረምት ዋዜማ ያለ ፊልምና ያለ ስብሰባ፣ በአዲሱ ወንዝ ላይ የአፈርና የቁጥቋጦ መጥለፊያ መልሰን ሠራን። ሁሉም ሰው፣ የቀለደባቸው ሁሉ፣ አብዬ ታሂር የውሃ አባት ይሁኑልን አለ። አባይ ግን ወረቀቱን ከማህደር አውጥቶ እኔው እንዳነበው ሰጠኝ። ምንም እውቀት የለኝም ብሎ በጣቱ ያረጋገጠን ሰው ማኅበሩ እንዴት ይሾማል? ከዚህ በኋላ የውሃ አባት ፊደል የቆጠረ ይሁን አለ፤ እኔን መረጠ። እምቢ አልኩ። እምቢታዬንም ራሴው በቃለ ጉባኤ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ ጻፍኩት፤ ሹመቱ ግን አልተነሣልኝም።

ሐምሌ ላይ ተራራው ጠቆረ። ከወንዙ አፋፍ ቆምኩ። ሠላሳ ሰው አካፋውን ይዞ ከኋላዬ ይጠብቃል። አብዬ ታሂርም አካፋ ይዘው ከሰልፉ መሐል ቆመዋል፣ እንደማንኛውም ሰው። ጎርፉ ከመታጠፊያው ወጣ። አየሁት፤ ምንም አልታየኝም። ቡናማ ውሃ ነው። ደግ ይሁን ክፉ፣ ይጉበጥ ይቅና፣ በምን ልወቅ? ወደ ኋላዬ ዞሬ አብዬ ታሂርን ፈለግኩ። "አብዬ! ምንድነው?" ብዬ ጮህኩ። መሬት መሬት ያያሉ። "በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አንድ ቃል!" አልኩ። ዝም። ጎርፉ ቀረበ፤ ድፍረቴ አለቀ፤ "ልቀቅ!" አልኩ። ሰዉ መጥለፊያውን ቆርጦ ሮጠ።

ጎርፉ አለፈ። ጥቁር ደለል ተሸክሞ፣ አንድም ድንጋይ ሳያንከባልል፣ ዝግ ብሎ አጠገባችን አልፎ ወደ በረሃው ወረደ። በዚያ ዓመት ከዚያ ሌላ ጎርፍ አላየንም።

ሰዉ ሲበተን ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ቁጣዬ እንባዬን ቀድሞት ነበር። "ደግ ውሃ ነበር፣ አይደል?" አልኳቸው።

"ደግ ነበር" አሉ።

"አይተውታል!"

"አይቸዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? ሁለት መቶ አባወራ እኮ ነው! ልጆቹስ?"

አካፋቸውን ከትከሻቸው አውርደው መሬት ላይ ተከሉትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ። የተቆጡ አልመሰሉኝም፤ ያ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

"ያዝ ብዬህ ውሃው እርሻውን ቢወስድ፣ በምን አወቅህ ይሉኛል" አሉ። "ያዝ ብዬህ እርሻው ቢጠግብም፣ በምን አወቅህ ይሉኛል። ማወቄን ነው ፈርሜ ያስረከብኳቸው፣ ልጄ። አሁን የነሱ ነው።"

ያን ዓመት ማሽላችን ከጉልበት አላለፈም።